ሸክሙ የማን ነው?

ግንብ የሚሠራው ሰው እንዳይገባበት ነው። ግድግዳው የሚወፍረው፣ በሩ የሚጠበው፣ ደረጃው የሚጠማዘዘው፣ ቦታውም ኮረብታ ላይ የሚመረጠው ለዚሁ ነው። ሙዚየም ደግሞ የሚከፈተው ሰው እንዲገባበት ነው። አንድ አሮጌ ግንብ ሙዚየም ሲሆን እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ ዓላማዎች በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። አብዛኛው ጎብኚ ይህን ግጭት ልብ አይለውም፤ እግሩ ሳያስበው ይፈታለታል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ከበሩ ይጀምራል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰውን ለመከልከል የተሠራ ቤት አንድ ቀን "የሁሉም ነው" ከተባለ፣ መግባት ለማይችለው ሰው ዕዳ አለበት? ካለበትስ ከፋዩ ማን ነው?

ጥያቄው ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። "ስንቱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በደረጃ ብቻ የሚገባበት ሆኖ ሳለ ስለ ሙዚየም ታወሪያለሽ?" የሚለኝ ሰው እውነት አለው፤ ትምህርት ቤቱ ይቀድማል። ነገር ግን ሙዚየም አንድ ሕዝብ "እኛ" የሚለውን ቃል የሚፈታበት ቤት ነው። "አባቶቻችን"፣ "ነፃነታችን"፣ "ቅርሳችን" የሚሉት ቃላት እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። የቃላቱ ጭራ የሆነችው "ችን" ማንን ጨምራ ማንን እንደምትተው የሚታወቀው ግን ግድግዳው ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ኦስሎ ሆኜ ነው። የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ አከርስሁስ የሚባል ግንብ አለ። ሥራው የተጀመረው በንጉሥ ሆኮን 5ኛ ዘመን፣ በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በ1716 የስዊድኑ ካርል 12ኛ ከብቦት ሳይዘው ተመልሷል። በኤፕሪል 1940 ግን ግንቡ ያለ ውጊያ በጀርመኖች እጅ ገባ፤ እስከ 1945 ድረስም በዚያው ቆየ። በነዚያ ዓመታት የኖርዌይ አርበኞች በቅጥሩ ውስጥ ተረሽነዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ከወራሪው ጋር ያበረው ክዊስሊንግ እዚያው በጥይት ተገደለ፤ እኛ "ባንዳ" እንደምንለው የሱም ስም በብዙ ቋንቋዎች የከዳተኛ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከ1970 ጀምሮ በቅጥሩ ውስጥ የዚያን ዘመን የተቃውሞ ትግል የሚተርክ ሙዚየም አለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። እኛም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተወረናል፤ እኛም አርበኛና ባንዳ አለን፤ እኛም የወራሪውን ዘመን የምናስታውሰው በአሮጌ ቤተ መንግሥቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ አከርስሁስ ስወጣ የምወጣው እንደ እንግዳ ብቻ አይደለም። መንገዱ አቀበት ነው፤ ብዙው ቦታ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። አዲስ አበባ "ኮብልስቶን" የምንለው ዓይነት ነው፣ ዕድሜው የገፋና ጠርዙ የተሸረሸረ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ስለሆነች በሁለት ድንጋይ መካከል ትገባና ትቆማለች፤ ሰውነት ግን ወደፊት መሄዱን አይተውም። እግረኛው ቀና ብሎ ባሕሩንና ማማውን ሲያይ እኔ አጎንብሼ ድንጋዩን አያለሁ። የአከርስሁስን ንጣፍ ከብዙ የከተማው ነዋሪ በላይ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

የኖርዌይ ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አይልም። አካል ጉዳትን መሠረት ያደረገ አድልዎን የሚከለክልና ተደራሽነትን የሚያዝ ሕግ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በአጠቃላዩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ ተካቷል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ተቋም ለሁሉም በሚመች መልኩ መዘጋጀት አለበት ይላል። ግን ገደብ አለው፦ ግዴታው በተቋሙ ላይ "ያልተመጣጠነ ሸክም" የሚጥል ከሆነ ይቀራል። ሸክሙ ሲመዘን ከሚታዩት ነገሮች መካከል ወጪው፣ የተቋሙ አቅምና የቅርስ ጥበቃ ይገኙበታል።

ይህችን "ሸክም" የምትለዋን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ በአማርኛ ትጮህብኛለች። ለሕግ ባለሙያው ሚዛን ናት፤ ለኔ ግን የሰው ትከሻ ናት። አገር ቤት ተሸክመውኛል፤ ሸክም ምን እንደሚመዝን ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሕጉ የሚጠይቀው "እሷን ማስገባት ለቤቱ ይከብዳል ወይ?" ብሎ ነው። "አለመግባት ለእሷ ምን ያህል ይከብዳል?" የሚለው ጥያቄ በሚዛኑ ሌላኛው ወገን መቀመጥ ነበረበት፤ ሆኖም ድንጋይን በኪሎ መመዝን ይቀላል፣ ቀርቶ መቅረትን ግን በምን ይመዝኑታል?

የቅርስ ጠባቂውን ክርክር ቀላል አድርጌ ማየት አልፈልግም። አሮጌ ነገር እወዳለሁ፤ ኑሮዬም በአሮጌ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው። በጎንደሩ የፋሲል ግንብ መካከል የብረት ሊፍት ሰንጥቆ ሲያልፍ ማየት አልሻም። ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይመለስም፤ ያልተወለዱ ሰዎችም የቅርሱ ባለቤቶች ናቸው። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው።

ነገር ግን "እንደነበረ ይቆይ" ሲባል መቼ እንደነበረው? አከርስሁስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጎሳቁሎ ነበር። ዛሬ የምናየው ግንብ ከ1899 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በተካሄደ እድሳት የቆመ ነው፤ አርክቴክቶቹም የትኛውን ዘመን ማጉላት፣ የትኛውን መተው እንዳለባቸው መምረጥ ነበረባቸው። ጎንደርም እንዲሁ ነው። ከፋሲል በኋላ የነገሡት ነገሥታት የየራሳቸውን ሕንፃ ጨምረዋል፤ ጣሊያኖች ቅጥሩን ለአስተዳደራቸው ተጠቅመውበት በሲሚንቶ ጠግነውታል፤ በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጎድቶታል፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህም ጥገናው አላበቃም። አሮጌ ሕንፃ ማለት ብዙ ሰዎች በተራ የነካኩት ሕንፃ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ገብቶለታል፤ የእሳት አደጋ መጥሪያ ተተክሎለታል፤ የቲኬት መሸጫና መጸዳጃ ቤት ተሠርቶለታል። "አምፖል በፋሲል ዘመን አልነበረም" ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም። እንግዲህ ክርክሩ ቅርሱ ይነካ ወይስ አይነካ የሚል አይደለም፤ ለማን ሲባል ይነካ የሚል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአውሮፓ ከተማ፣ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለ የታሪክ ሙዚየም ለማየት ሄድኩ። የዋናው በር ደረጃ ስለማያስገባኝ አንድ ትሑት ሠራተኛ በጓሮ ዞሮ ወሰደኝ። በቆሻሻ ገንዳዎች አጠገብ፣ ሽንኩርት በሚጠበስበት ወጥ ቤት በኩል አልፈን የዕቃ ሊፍት ውስጥ ገባን። ሊፍቱ ሲከፈት ራሴን ያገኘሁት በትርኢቱ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነው። ጦርነቱ አብቅቷል፤ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ሰዎች ይተቃቀፋሉ። ከዚያ ወደ ኋላ እየተንከባለልኩ እስር ቤቱን፣ ረሃቡን፣ በመጨረሻም ወረራውን አየሁ። ከመግቢያው ስደርስ የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ።

ትምህርቴ ነውና ስለ ትልም አሰብኩ። ታሪኩ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲነበብ ሰዎቹ መጨረሻቸውን አያውቁም፤ ፍርሃታቸው ፍርሃት የሚሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ወረራው ሳይጀመር ድሉን አውቄው ነበር። ከሌሎቹ ጎብኚዎች ጋር አንድ ቤት ገብተን ሁለት የተለያየ መጽሐፍ አነበብን። የከነከነኝ የሽንኩርቱ ሽታ አልነበረም፤ ከወጥ ቤት ብዙ ደግ ሰው ይወጣል። የከነከነኝ በዚያ ሊፍት የሚመጣ አንባቢ ይኖራል ብሎ ያሰበ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲጻፍ በደራሲው ልብ የታሰበ አንባቢ አለው። ያ ትርኢት ሲዘጋጅ የታሰበው አንባቢ እግር ነበረው። የሚገርመው ደግሞ የሚተርከው ስለ ጦርነት መሆኑ ነው፤ ጦርነት ደግሞ እግር የሚወስድ ነገር ነው። አርበኞቹ ራሳቸው ቆስለው ተመልሰው ቢመጡ ብዙዎቹ የራሳቸውን ታሪክ የሚያዩት በጓሮ ዞረው ነበር።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። እዚያ በጓሮ የሚወስድሽ የለም፤ ይሸከሙሻል። አንድ ጥንታዊ ስፍራ ስጎበኝ ደረጃው ሥር ቆሜ ሳስብ "አይዞሽ እህቴ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሥራቸውን ትተው፣ ማንም ሳይጠራቸው አራት ወጣቶች መጡ፤ ወንበሩን ከአራት ማዕዘን ይዘው አነሱኝ። ኦስሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይታሰብም። እዚህ መብቴ ወረቀት ላይ አለ፤ የማያውቀኝ ሰው ግን "እህቴ" አይለኝም። የወገኖቼን ደግነት የሚያቃልል ክርክር ማቅረብ አልሻም። ያ እጅ ባይኖር ኖሮ ልጅነቴን ከቤት ሳልወጣ በጨረስኩት ነበር።

ሆኖም በትከሻ ላይ ሆኖ ሙዚየም አይታይም። ስወጣ ያየሁት ሰማዩንና በአንዱ ወጣት አንገት ላይ የሚወርደውን ላብ ነው። ላይ ስደርስ ወንበሩን አስቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ክፍሉን ያየሁት እነሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሥዕል ፊት መዘግየት አማረኝ፤ ግን ባለዕዳ ሰው አይዘገይም። ጉብኝት ማለት መዘግየት ነው፦ ተመልሶ ማየት፣ መሰልቸት፣ ሳይወዱ መውጣት። "ይህ ክፍል ምንም አልማረከኝም" ለማለት መብት ያለው በራሱ የገባ ሰው ነው። ተሸክመውት የገባ ሰው ማመስገን ብቻ ነው የተፈቀደለት።

መሸከም በራሱ ውርደት አለመሆኑን ታሪካችን ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በመጨረሻ ዓመታቸው ሽባ ሆነው፣ ሕመማቸው ከሕዝብ ተሸሽጎ፣ በ1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በራሳቸው ግቢ ውስጥ በሰው እጅ ኖረዋል። ዛሬ የዚያ ግቢ ከፊሉ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ክፍት ነው። በየክፍሉ የሚያልፈው ጎብኚ ስለ ዓድዋው ንጉሥ ሲሰማ ቆሞ የሚያዝ ሰው ይታየዋል። እኔ ግን ከአልጋቸው ሆነው ደረጃውን የሚያዩት ምኒልክ ይታዩኛል። ያ ቤት መራመድ የማይችል ሰው ባለቤቱ ሆኖ ያውቃል። ንጉሥን የሚሸከመው ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድ ንጉሡን ይጠይቃል፤ እኔን የሚሸከመኝ ለኔ ያውቅልኛል። ልዩነቱ በትከሻው ላይ ሳይሆን "ቁም" ለማለት በመቻል ላይ ነው።

ደረጃ ሥር የሚቆም ሰው በእኛ አገር ሌላም ታሪክ አለው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት አሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ። ከመጡት መካከል ሽማግሌዎች፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ጭፍጨፋው የጀመረው እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው፤ መሮጥ የማይችል ሰው ዕጣው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የካቲት 12ን ስናስብ የወርዋሪዎቹን ጀግንነት እናነሳለን፤ ተገቢ ነው። እነዚያ ለምጽዋት ተጠርተው የመጡት ግን ስም የላቸውም። ባለ ሥልጣኑ ከላይ፣ እነሱ ከታች ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ቅጥር የተጠሩት እንደ ባለቤት ሳይሆን እጃቸውን እንዲዘረጉ ነው።

ምጽዋትና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምጽዋት ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ይመርቃል። መብት የሚጠበቀው ሰጪው ደክሞት በዋለበት ቀንም ጭምር ነው። እነዚያ አራት ወጣቶች በዚያን ዕለት ባይኖሩስ? አገራችን ይህን ልዩነት በሕግ ታውቀዋለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቀናል፤ ኖርዌይ ያጸደቀችው ከእኛ በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። በወረቀት ቀድመናል። ወረቀቱን ደረጃ ላይ ማንጠፍ ነው የቀረን።

"ድህነት ነው" የሚባለውን አውቃለሁ። ለቆየው ሕንፃ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገና በንድፍ ላይ ላለው ግን አይሆንም። መወጣጫ ከመጀመሪያው ሲታሰብ ወጪው ትንሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ተረስቶ በኋላ ሲጨመር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በነዚህ ዓመታት ቤተ መንግሥቶች ለጎብኚ እየተከፈቱ፣ አዳዲስ የመታሰቢያ ሙዚየሞችም እየተገነቡ ነው። በሌላ በኩል በቅርቡ ጦርነት እግራቸውን ያጡ ብዙ ወጣቶች አሉን። ስለ ጀግንነት የሚተርክ ቤት ለእነሱ መግቢያ ከሌለው የሚተርከው ስለ ምንድን ነው?

አማርኛ ለዚህ የቆየ መልስ አለው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ መረዳዳት ነው፤ እኔ ግን ስለ ፍትሕ ይነበብልኝ እላለሁ። ሸክም አይጠፋም። አንድም በእኔ ላይ ይወድቃል፣ እቀራለሁ፤ አንድም በአራት ወጣቶች ወገብ ላይ ይወድቃል፣ አመሰግናለሁ፤ አንድም በግብር፣ በንድፍና በሕግ በኩል በሁሉም ላይ ይከፋፈላል፣ ማንም ሳይሰማው ያልፋል። መወጣጫ ማለት ለሃምሳ ሰው የተከፋፈለ ሎሚ ነው። ደግነት በዚህ አይሞትም። ወጣቶቹ "እህቴ" ብለው አጠገቤ መሄድ ይችላሉ፤ ወገባቸውም ይተርፋል፣ እኔም ከሥዕሉ ፊት እዘገያለሁ።

ታዲያ ግንቡ ያለበት ዕዳ ምን ያህል ነው? ድንጋይ ሁሉ ይፍረስ አልልም። መለወጥ የሚቻለው ይለወጥ። ሊለወጥ በማይችለው ቦታ ታሪኩ ራሱ ይውረድ፤ ዋናው ሰነድ፣ ዋናው ዕቃ፣ ዋናው ትረካ ሁልጊዜ ሰገነት ላይ እንዲቀመጥ ያዘዘ የለም። በጓሮ የሚገባም ካለ ትረካው ከዚያም በር እንዲጀምር ሆኖ ይዘጋጅ። ምንም ማድረግ ካልተቻለ ደግሞ ከቤቴ ሳልወጣ፣ "እስከዚህ ድረስ ትገቢያለሽ፣ ከዚህ በላይ አትገቢም" ተብሎ በግልጽ ይነገረኝ። ቀድሞ የተነገረ እምቢታ ቢያንስ ዕዳ መኖሩን ያምናል፤ በር ላይ የሚጠብቅ እምቢታ ግን ጥፋቱን በጎማዬ ላይ ይጥላል።

ገነተ ልዑል ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከፊት ለፊቱ ጣሊያኖች የሠሩት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስቶች አገዛዝ አንድ ዓመት ምልክት እንዲሆን የታሰበ ነበር። ነፃነት ሲመለስ ኢትዮጵያውያን ደረጃውን አላፈረሱትም። ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፤ ትርጉሙም ተገለበጠ። አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነሳም፤ ግን ያ ሐውልት ከዚያ በኋላ የወራሪው አይደለም። ቅርስን ሳያጠፉ ለማን እንደሚናገር መለወጥ እንደሚቻል አባቶቻችን አውቀውበት ነበር። ያ ደረጃ የተሠራው ማንም እንዲወጣበት ስላልሆነ፣ በዊልቸር ሄጄ ከማንም እኩል የማየው ደረጃ እሱ ነው። ከኋላው ላለው ቤት መግቢያ ግን አሁንም በዚያ ዓይነት ብልሃት የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል፤ ለሱም አንበሳ አያስፈልግም፣ ጥቂት ሜትር ዝቅ ያለ ተዳፋት ይበቃል።